የተቆረጠ ጨጓራ ምስክርነት

(በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሜይ 5 ቀን 1821 ናፖሊዮን ቦናፓርት በግዞት በተቀመጠባት በቅድስት ሔለና ደሴት ሞተ። በማግስቱ አስክሬኑን ጠረጴዛ ላይ አጋድመው ኮርሲካዊው ሐኪሙ አንቶማርኪ ሆዱን ከፈተ፤ የእንግሊዝ ሐኪሞችም ዙሪያውን ቆመው ተመለከቱ። ጨጓራው ወደ መውጫው በኩል ቆስሎና ደድሮ፣ በአንድ ቦታም ተበስቶ ተገኘ። አባቱም በ1785 በጨጓራ ሕመም ሞቶ ነበርና ነገሩ ነቀርሳ ነው የሚለው ሐሳብ ወዲያው ሚዛን ደፋ። ይሁን እንጂ ሐኪሞቹ ጽፈው ያስቀሩት ቃል እርስ በርሱ ሙሉ በሙሉ አይስማማም። ጨጓራው በብር ዕቃ ተደርጎ ከባለቤቱ ጋር ተቀበረ።

ከዚያ ወዲህ ያለው ታሪክ የክርክር ታሪክ ነው። በ1961 አንድ ስዊድናዊ የጥርስ ሐኪም ናፖሊዮን የሞተው በአርሴኒክ ተመርዞ ነው የሚል መጽሐፍ አውጥቶ ዓለምን አነጋገረ። በ2007 ደግሞ የፓቶሎጂ ባለሙያዎች የዚያን ዘመን የአስክሬን ምርመራ ጽሑፎች በዘመናችን ካሉ ሕሙማን ጋር አነጻጽረው፣ ነገሩ ሥር የሰደደ የጨጓራ ነቀርሳ እንደነበር ደመደሙ። አውሮፓን ያንቀጠቀጠ ሰው በምን እንደሞተ ለመናገር ወደ ሁለት መቶ ዓመት የሚጠጋ ጊዜ የፈጀው በአንድ ጉድለት ነው፦ በዚያች ቀን ከቁስሉ ጠርዝ አንዲት ቅንጣት ሥጋ ቆርጦ በማይክሮስኮፕ ያየ ሰው አልነበረም። ሊኖርም አይችልም ነበር። ሥጋን እንደ ጽሑፍ ማንበብ የሚባል ጥበብ ገና አልተወለደም።

ከናፖሊዮን ሞት 60 ዓመት በኋላ አንዲት የስምንት ልጆች እናት ቪየና ከተማ ውስጥ በአንድ የቀዶ ሕክምና ጠረጴዛ ላይ ተኛች። ሀብትም ዝናም አልነበራትም። የእሷ ጨጓራ ግን በጠርሙስ ተጠብቆ ዛሬም ድረስ አለ፤ ምን እንደነበረበትም የሚጠራጠር የለም። የንጉሠ ነገሥቱ ጨጓራ ዝም ሲል የዚህች ሴት ጨጓራ እንዴት ሊናገር ቻለ? ታሪኩ ይህ ነው።

የሙታን መዝገብ

ጨጓራ ለብዙ ዘመን ምስጢሩን የሚገልጠው ባለቤቱ ከሞተ በኋላ ብቻ ነበር። ሐኪም በሕመምተኛው ሆድ ላይ እጁን አሳርፎ እብጠት ይዳስሳል፤ ትውከቱን ያያል፤ ምላሱን ያያል፤ ከዚያ በላይ መንገድ የለውም። እውነቱ የሚታወቀው በሬሳ ክፍል ነው።

በዚህ ረገድ እንደ ቪየና ጠቅላላ ሆስፒታል ያለ ቦታ በዓለም አልነበረም። ካርል ሮኪታንስኪ የተባለው የፓቶሎጂ ፕሮፌሰር በዚያ ሆስፒታል የሚሞቱ ሰዎች አስክሬን በሥርዓት እንዲመረመርና ውጤቱም በመዝገብ እንዲሰፍር አደረገ። እሱ ራሱ በእጁ የከፈታቸው አስክሬኖች 30 ሺህ ያህል እንደሚደርሱ ይነገርለታል። መዝገቡ ከዓመት ዓመት እያደገ ሄዶ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች የመጨረሻ ምስክርነት የተከማቸበት ቤተ መዛግብት ሆነ።

የሮኪታንስኪ ዓይን በአብዛኛው ባዶ ዓይን ነበር። ቀለሙን፣ መጠኑን፣ ድድርናውን አይቶ ይፈርድ ነበር። የሚቀጥለውን እርምጃ የወሰደው በርሊን የነበረው ሩዶልፍ ቪርኾው ነው። ቪርኾው በ1858 ባሳተመው ሥራው በሽታ ሁሉ የሚጀምረው ከሕዋስ ነው፣ ሕዋስም የሚወለደው ከሕዋስ ነው ሲል አስተማረ። እንዲህ ከሆነ ነቀርሳ ከውጭ የመጣ መርዝ ወይም የተበላሸ ደም መሆኑ ቀርቶ የሰውነት የገዛ ሕዋሳት ከሥርዓት ወጥተው የሚፈጥሩት ነገር ሆነ ማለት ነው። የሕዋስን አመፅ ለማየት ደግሞ ማይክሮስኮፕ የግድ ነው።

ጃንዋሪ 29 ቀን 1881

ቴዎዶር ቢልሮት የቄስ ልጅ ነው። በወጣትነቱ ሙዚቀኛ መሆን ይመኝ ነበር፤ ሐኪም ከሆነም በኋላ ሙዚቃን አልተወም። ታላቁ የሙዚቃ ደራሲ ዮሐንስ ብራምስ የቅርብ ወዳጁ ስለነበር ሁለት ሥራዎቹን በስሙ አበርክቶለታል። ቢልሮትን ከዘመኑ ቀዳጆች የሚለየው ግን ሌላ ነገር ነው። በርሊን ውስጥ ለማስተማር ፈቃድ ያገኘው በቀዶ ሕክምናም በፓቶሎጂም ነበር። ቢላዋንና ማይክሮስኮፕን በአንድ እጅ የያዘ ሰው ነበር ማለት ይቻላል። በ1867 ቪየና ገብቶ የቀዶ ሕክምና ክፍሉን ሲረከብ የሮኪታንስኪ መዝገብ ጎረቤቱ ሆነ።

በዚያን ጊዜ የጨጓራ ነቀርሳ የሞት ፍርድ ነበር። ነቀርሳው የሚበዛው በጨጓራ መውጫ በኩል ነው። ሐኪሞች ይህን ቦታ ፓይሎረስ ይሉታል፤ ቃሉ በግሪክኛ በር ጠባቂ ማለት ነው። በሩ በእብጠት ሲዘጋ የተበላው ሁሉ ተመልሶ ይወጣል፤ ሕመምተኛው የሚሞተው ነቀርሳው ከመግደሉ በፊት በረኀብ ነው። ታዲያ የታመመውን ቁራጭ አውጥቶ የቀረውን መስፋት አይቻልም ወይ? ቀዳጆቹ የሚፈሩት ሁለት ነገር ነበር። አንደኛው የጨጓራ አሲድ ስፌቱን ይበላዋል የሚል ነው። ሁለተኛው ነቀርሳው ቀድሞ ተሠራጭቶ ከሆነ ድካሙ ሁሉ ከንቱ ነው የሚል ነው።

የቢልሮት ሁለት ረዳቶች፣ ጉሰንባወርና ቪኒቫርተር፣ ለሁለቱም ጥያቄ መልስ ፈለጉ። ለመጀመሪያው ጥያቄ በውሾች ላይ ሞከሩ፤ የጨጓራቸው መውጫ ተቆርጦ ከተሰፋላቸው ውሾች የዳኑ ተገኙ። ለሁለተኛው ደግሞ ወደ ሙታን መዝገብ ሄዱ። ከ60 ሺህ በላይ የአስክሬን ምርመራ ጽሑፎችን ገልጠው በጨጓራ መውጫ ነቀርሳ የሞቱ ከ900 የሚበልጡ ሰዎችን አገኙ። ከእነዚህ መካከል ከመቶው 40 በሚሆኑት ነቀርሳው ወደ ሌላ የሰውነት ክፍል አልተሠራጨም ነበር። በ1876 ይህን አሳተሙ። ትርጉሙ ግልጽ ነው፦ ከመቶ 40 ሰዎች የሞቱት ሊቆረጥ ይችል በነበረ ነገር ነው።

ፓሪስ ላይ ዡል ፔዓን በ1879፣ በፖላንዳዊው ሐኪም በሩዲጊየር እጅም በ1880 ቀዶው ተሞከረ፤ ሁለቱም ሕመምተኞች ሞቱ። ጃንዋሪ 29 ቀን 1881 ቢልሮት የ43 ዓመቷን ሴት በክሎሮፎርም አስተኝቶ ሆዷን ከፈተ። ሴትዮዋ ከሳምንታት ወዲህ ሆዷ ውስጥ ይረጋላት የነበረው ጎምዛዛ ወተት ብቻ ነበር። ጨጓራዋ አስቀድሞ ታጠበ። ቢልሮት 14 ሴንቲ ሜትር ያህል የሚረዝም የታመመ ክፍል አወጣ፤ የቀረውንም ጨጓራ ከትንሹ አንጀት መጀመሪያ ጋር በ50 ያህል የሐር ስፌት አጋጠመው። ሥራው አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ፈጀ። ሴትዮዋ ነቃች፤ ሳምንት ሳይሞላ ቢልሮት ስለ ነገሩ ለአንድ የሕክምና ጋዜጣ ደብዳቤ ጻፈ። መብላት ቻለች፤ አገግማም ከሆስፒታል ወጣች። የዓለም ቀዳጆች ተደነቁ።

ሆኖም ከአራት ወር ያህል በኋላ ሴትዮዋ ሞተች። አስክሬኗ ሲመረመር ስፌቱ በሚገባ ጠግጎ ተገኘ፤ አሲዱ አልበላውም። ነቀርሳው ግን በሆዷ ውስጥ ተሠራጭቶ ነበር። የመጀመሪያው ፍርሃት ከንቱ መሆኑ ሲረጋገጥ ሁለተኛው እውነት ሆኖ ተገኘ። ዛሬ ቪየና ውስጥ ዮሴፊኑም በተባለው የሕክምና ታሪክ ሙዚየም ተጠብቆ የሚገኘው ጨጓራዋ ሁለቱንም ነገር በአንድነት ይመሰክራል፦ የቢላዋውን ድልና የቢላዋውን ወሰን።

ከዚያች ቀን በኋላ ቀዳጁ ብቻውን ሊሠራ እንደማይችል ታወቀ። ቁርጡ ከነቀርሳው ወዲያ ነው ወይስ በነቀርሳው መካከል ያለፈው? ይህን እጅም ባዶ ዓይንም አይለየውም። መልሱ ያለው በሳሕን ላይ በተቀመጠው ቁራጭ ውስጥ ነው።

ሥጋ እንዴት ይነበባል?

ከሰውነት የወጣ ሥጋ ወዲያው መፍረስ ይጀምራል። ጨጓራ ደግሞ ከሌላው ይብሳል፤ የገዛ አሲዱና ፈሳሹ ራሱን ይፈጨዋል። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ይህን ማቆም ነው። ለረጅም ጊዜ የሚሠራበት አልኮል ነበር። በ1893 ጀርመናዊው ፈርዲናንድ ብሉም ፎርማሊን ሥጋን እንደሚያደርቅና እንደሚጠብቅ አስተዋለ። ጣቶቹ በፈሳሹ ሲነኩ ቆዳቸው መድደሩን ማየቱ ነው ወደዚህ የመራው። ከዚያ ወዲህ በዓለም ላይ ያለ የፓቶሎጂ ክፍል ሁሉ የሚታወቀው በዚሁ ዓይን በሚያስለቅስ ሽታ ነው።

የተቆረጠው ጨጓራ ለፓቶሎጂስቱ ሲደርስ በሰፊው ጎኑ በመቀስ ይከፈትና እንደ ቆዳ ተዘርግቶ በሰሌዳ ላይ በመርፌ ይወጠራል። ርዝመቱ ይለካል። ቁስሉ ወይም እብጠቱ ከላይኛውና ከታችኛው ቁርጥ ምን ያህል እንደሚርቅ ይጻፋል። የቁርጡ ጠርዝ በቀለም ይቀባል፤ ኋላ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ጠርዙ የቱ እንደሆነ የሚለየው በዚህ ነው። በጨጓራው ዙሪያ ባለው ጮማ ውስጥ የተደበቁት የሊምፍ እጢዎች በጣት እየተዳሰሱ አንድ በአንድ ይለቀማሉ፤ ፍርዱ እንዲታመን ቢያንስ 15 ወይም 16 እጢዎች መመርመር አለባቸው። ይህ ምስር የመልቀም ያህል ትዕግሥት የሚጠይቅ ሥራ ነው። አንዲት የተዘለለች እጢ ግን የሰውየውን ሕክምና ልታዛባ ትችላለች።

ከዚያ ከየቦታው ትንንሽ ቁራጮች ይወሰዱና ውኃቸው ወጥቶ በቀለጠ የፓራፊን ሰም ይነከራሉ። ሰሙ ሲረጋ ሥጋው እንደ ሻማ ጠንካራ ይሆናል። ማይክሮቶም የተባለው መቁረጫ ያንን ሰም ከአንድ ሚሊ ሜትር በሁለት መቶኛ እጅ እንኳ በማይሞላ ውፍረት ይልጠዋል። ልጣጩ በመስታወት ላይ ይነጠፋል። እንዲሁ ቢታይ ግን ምንም አይታይም፤ ሥጋው እንደ ውኃ ብርሃን ያሳልፋል። ስለዚህ ማቅለም ያስፈልጋል። የተለመዱት ቀለሞች ሁለት ናቸው። አንደኛው ሄማቶክሲሊን በመካከለኛው አሜሪካ ከሚበቅል ዛፍ ግንድ የሚወጣና ቀድሞ ጨርቅ ሲቀለምበት የኖረ ነው፤ የሕዋሱን እምብርት ሰማያዊ ያደርጋል። ሁለተኛው ኢዮሲን የቀረውን ሮዝ ያደርገዋል። ከ1870ዎቹ ጀምሮ ሁለቱ ቀለሞች ተጣምረው እስከ ዛሬ ድረስ አልተለያዩም።

አሁን ሥጋው ይነበባል። የጤነኛ ጨጓራ ውስጠኛ ሽፋን ሲታይ እንደ ተራ ተራ የጉድጓድ አፎች ነው፤ ሕዋሳቱ በሥርዓት ተሰልፈው ይታያሉ። በነቀርሳ ጊዜ ሰልፉ ይፈርሳል። አንዳንዱ ነቀርሳ የአንጀትን መልክ ይይዛል። አንዳንዱ ደግሞ ሕዋሳቱ አንድ አንድ እየሆኑ በሥጋው ውስጥ ይበተናሉ፤ በውስጣቸው ንፍጥ መሰል ነገር ተሞልቶ እምብርታቸውን ወደ ዳር ስለሚገፋው ባለፈርጥ ቀለበት ይመስላሉ። ፊንላንዳዊው ላውሬን በ1965 ከ1,300 የሚበልጡ የጨጓራ ነቀርሳዎችን መርምሮ እነዚህን ሁለት ዓይነቶች ለይቶ አስቀመጠ። መለያየታቸው ለሐኪሙ ብዙ ይነግረዋል። የተበተነው ዓይነት ከሚታየው ቦታ በጣም ርቆ ሊሄድ ስለሚችል ቀዳጁ ቢላዋውን ራቅ አድርጎ ማሳረፍ አለበት።

ይህ ሁሉ ቀናት ይፈልጋል። ሕመምተኛው ሆዱ ተከፍቶ ቀናት አይጠብቅም። በአሜሪካ የሚኔሶታ ግዛት፣ በማዮ ወንድማማቾች ክሊኒክ፣ ሉዊስ ዊልሰን የተባለው ፓቶሎጂስት በ1905 ለዚህ መላ አገኘ። ዊልያም ማዮ፣ በሽተኛው ጠረጴዛው ላይ እያለ ያገኘነው ነቀርሳ መሆን አለመሆኑን ንገሩን ብሎ ነበርና፣ ዊልሰን ሥጋውን አቀዝቅዞ አጠንክሮ፣ ፈጥኖ ልጦና አቅልሞ በደቂቃዎች ውስጥ መልስ መስጠት ቻለ። ከዚህ በኋላ ፓቶሎጂስቱ ከሬሳ ክፍል ወጥቶ ወደ ቀዶ ክፍሉ በር መጣ። ቀዳጁ ቢላዋውን ይዞ ይጠብቃል፤ ከጎረቤት ክፍል፣ ጠርዙ ንጹሕ ነው፣ ወይም፣ ጨምር፣ የሚል ቃል ይመጣል።

የተቆረጠ ጨጓራን በማንበብ ከጃፓኖች የበረታ አልነበረም። የጨጓራ ነቀርሳ በአገራቸው እጅግ የበዛ በመሆኑ የሚወጣውን ጨጓራ ቀጫጭን አድርገው እየቆራረጡ እንደ መሬት ካርታ ይነድፉት ነበር። ነቀርሳው ሳይሰፋ በፊት በውስጠኛው ሽፋን ላይ ምን ይመስላል? ትንሽ ከፍታ ነው፣ ትንሽ ጉድጓድ ነው፣ ወይስ የቀለም ለውጥ? በ1962 የመጀመሪያ ደረጃ የጨጓራ ነቀርሳ ማለት ምን እንደሆነ በደንብ ደነገጉ፦ ከውስጠኛው ሽፋንና ከሥሩ ካለው ስስ ንብርብር ያላለፈ ነው። በሳሕን ላይ ያዩትን መልክ ይዘው በሕያው ሰው ጨጓራ ውስጥ በሚገባ ካሜራ ይፈልጉት ጀመር። በዚህ ደረጃ ከተገኙት ሕመምተኞች መካከል ከመቶው ከ90 የሚበልጡት ከአምስት ዓመት በላይ ይኖራሉ። ከሞቱት የተወሰደው ትምህርት ሕያዋንን አዳነ ማለት ነው።

ሲያዩ ያላዩት

እስከዚህ ድረስ ያለው የድል ታሪክ ይመስላል። የሚከተለው ግን የፓቶሎጂን ዓይን የሚፈትን ነው።

ሩዲጊየር በ1881 መገባደጃ ላይ ለነቀርሳ ሳይሆን ለጨጓራ ቁስለት ጨጓራ ቆርጦ አወጣ፤ ሕመምተኛዋም ዳነች። ወሬውን ያተመው የሕክምና መጽሔት አዘጋጅ ግን እንዲህ ያለው ቀዶ የመጨረሻው እንዲሆን ተስፋ ማድረጉን ከሥሩ ጽፎ ነበር። ተስፋው አልሠመረም። በሃያኛው መቶ ዓመት ለቁስለት ሲባል ጨጓራን ቆርጦ ማውጣት በዓለም ሆስፒታሎች ሁሉ የተለመደ የዘወትር ሥራ ሆነ። በ1910 ካርል ሽቫርትስ የተባለው ሐኪም አሲድ ከሌለ ቁስለት የለም የሚል ሕግ አውጥቶ ስለነበር የአሲዱን ምንጭ መቁረጥ መፍትሔ መሰለ። ቀጥሎም የአእምሮ ጭንቀትና ቁጣ አሲድ ያበዛሉ ተባለ። እኛም የሚያናድደንን ሰው ጨጓራዬን ላጠው እንላለን፤ በዚህስ ከፈረንጁ ሐኪም ጋር ሳንመካከር ተስማምተን ነበር።

የተቆረጡት ጨጓራዎች ሁሉ ግን በፓቶሎጂስቶች ዓይን ሥር ያልፉ ነበር። በእነዚያ ሥጋዎች ላይ ደግሞ የሆነ ነገር ነበር። ጣሊያናዊው ቢዞዜሮ በ1893 በውሾች ጨጓራ ውስጥ እንደ ቡሽ መክፈቻ የተጠማዘዙ ረቂቅ ተሕዋስያን አየ። በ1906 ጀርመናዊው ክሪኒትዝ ነቀርሳ በያዘው የሰው ጨጓራ ውስጥ ተመሳሳይ ነገር አገኘ። በ1940 ቦስተን ላይ ፍሪድበርግና ባረን የተባሉ ሐኪሞች በቀዶ የወጡ ጨጓራዎችን በብር በሚያቀልም ዘዴ መርምረው ከሦስቱ ከአንዱ በሚበልጡት ውስጥ እነዚህን ተሕዋስያን አዩ፤ ቁስለት ባለባቸውም ይበዙ ነበር። ተሕዋስያኑን በላቦራቶሪ ማሳደግ ስላልቻሉ ግን ሥራው በዚያው ቆመ።

በ1954 አሜሪካዊው ፓልመር ከ1,000 ከሚበልጡ ሰዎች የጨጓራ ቅንጣት ወስዶ መረመረ፤ አንድም ተሕዋሲ አላገኘም። ቀደም ሲል የታዩት ከአፍ የገቡ ወይም ከሞት በኋላ የበቀሉ ናቸው ሲል ደመደመ። ክርክሩ በዚህ ተዘጋ፤ ለ25 ዓመትም ተዘግቶ ቆየ። ፓልመር ለምን አላየም? የብር ማቅለሚያውን ስላልተጠቀመ ነው። በተለመዱት ቀለሞች ተሕዋስያኑ ከዙሪያቸው ካለው ንፍጥ በቀላሉ አይለዩም። አሲድ ባለበት ነፍስ ያለው ነገር አይኖርም የሚለው እምነት ደግሞ ለዓይን ሌላ መጋረጃ ሆነ።

ጁን 11 ቀን 1979 በአውስትራሊያ ፐርዝ ከተማ፣ በሮያል ፐርዝ ሆስፒታል፣ ሮቢን ዋረን የተባለው ፓቶሎጂስት ከአንድ ሕመምተኛ የተወሰደች የጨጓራ ቅንጣት ይመረምር ነበር። ቀኑ 42ኛ የልደት ቀኑ ነው። በሽፋኑ ላይ ያልተለመደ ስስ ሰማያዊ መስመር አየ። የማይክሮስኮፑን አቅም እስከ መጨረሻው ቢያሳድገው መስመሩ ብዙ ጥቃቅን ተሕዋስያን ሆነ። በብር አቀለማቸው፤ ጥቁር ሆነው ጉልህ ብለው ታዩ። ባልደረቦቹ ግን ቀዝቀዝ አሉበት። ዋረን ለሁለት ዓመት ያህል ብቻውን ቅንጣቶቹን ሲሰበስብ ኖረ፤ ተሕዋስያኑ በታዩበት ሁሉ ሥጋው መቆጣቱንም አስተዋለ።

በ1981 ባሪ ማርሻል የተባለ ወጣት ሐኪም ተባባሪው ሆነ። ከ100 ሕመምተኞች ቅንጣት ወሰዱ። ተሕዋስያኑን ለማሳደግ የተደረገው ሙከራ በተደጋጋሚ ከሸፈ፤ ላቦራቶሪው ሳሕኖቹን በሁለት ቀን ውስጥ ይጥላቸው ነበርና። በ1982 የፈረንጆች ፋሲካ በዓል ደርሶ ሠራተኛው ዕረፍት ሲወጣ ሳሕኖቹ ለአምስት ቀን ያህል ሳይነኩ ቀሩ። ሲመለሱ ተሕዋስያኑ በቅለው ተገኙ። ዘገምተኞች ናቸው፤ ጊዜ ብቻ ነበር የጎደላቸው። በ1984 ማርሻል አስቀድሞ የገዛ ጨጓራውን አስመርምሮ ጤነኛ መሆኑን ካረጋገጠ በኋላ ተሕዋስያኑን በብርጭቆ ጠጣ። በቀናት ውስጥ ታመመ፤ ከጨጓራው የተወሰደው ቅንጣትም ተቆጥቶና በተሕዋስያን ተሸፍኖ ተገኘ።

ባክቴሪያው ዛሬ ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ ይባላል። የአሲድና የጭንቀት ሊቃውንት በቀላሉ አልተረቱም፤ አሥር ዓመት ፈጀባቸው። በ1994 የዓለም የጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም ባክቴሪያውን ለሰው ነቀርሳ አምጪ ከሆኑት ነገሮች መደብ ውስጥ አስገባው። ከዚያ በፊት በ1993 ለንደን ውስጥ የተሠራ ምርምር ይበልጥ የሚያስደንቅ ነገር አሳየ፦ ሊምፎማ የተባለው ነቀርሳ አንድ ዓይነቱ ከጨጓራ ላይ በጸረ ተሕዋስያን መድኃኒት ብቻ ሲጠፋ ታየ። ቀድሞ ጨጓራ ያስቆርጥ የነበረ በሽታ በእንክብል የሚታከም ሆነ። በ2005 ዋረንና ማርሻል የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። ዋረን በ2024 አረፈ።

ፍሪድበርግ የሞተው በ2009 በ101 ዓመቱ ነው። በ1940 በብር አቅልሞ ያየው ነገር 65 ዓመት ቆይቶ ሌሎችን ሲያሸልም ለማየት ዕድሜ ሰጥቶታል። በእነዚያ ዓመታት መካከል በመድኃኒት ሊድን በሚችል ቁስለት ምክንያት ጨጓራቸው የተቆረጠ ሰዎች ብዛት በቀላሉ የሚቆጠር አይደለም። ምስክሩ በየሳሕኑ ላይ ቀርቦ ነበር፤ ጠያቂው ግን የሚሰማውን መልስ አስቀድሞ ወስኖ ነበር።

ለኛ የሚነግረን

ጨጓራ በከተማችን ሰው ሁሉ አፍ ላይ ያለ ሕመም ነው። ጥፋተኛው በርበሬ ነው፣ ጾም ነው፣ ቡና ነው፣ ንዴት ነው ይባላል። መድኃኒቱም ተልባ ነው፣ ወተት ነው። በኢትዮጵያ የተደረጉ ጥናቶች ተደምረው ሲታዩ ግን ከተመረመሩት ሰዎች ግማሽ ያህሉ ሄሊኮባክተር ፓይሎሪን ይዘው ተገኝተዋል። ይዞት የሚኖር ሁሉ ይታመማል ማለት አይደለም፤ አብዛኛው ሰው ምንም ሳይሰማው ይኖራል። ቃር የተሰማው ሁሉም ነቀርሳ የለበትም። ነገር ግን እየከሳ፣ እየተፋ፣ ጥቁር ዓይነ ምድር እየወጣው በተልባ ብቻ ዓመት የሚገፋ ሰው ከቢልሮት በፊት በነበረው ዘመን ውስጥ እየኖረ ነው።

ሌላም ነገር አለ። ከሰውነታችን የተቆረጠ ነገር ለዓይን ያስጸይፋል፤ ቶሎ ተወግዶ ቢረሳ ደስ ይለናል። ቀዶው ተሳክቷል ከተባለ በኋላ የፓቶሎጂ ውጤት መጣ ወይ ብሎ የሚጠይቅ ቤተሰብ ብዙ አይደለም። ከላይ ያየነው ታሪክ በሙሉ የሚያስረዳው ግን የቀዶው ግማሽ ሥራ የሚፈጸመው ስፌቱ ካለቀ በኋላ መሆኑን ነው። የወጣው ነገር ምን እንደነበረ፣ ጠርዙ ንጹሕ መሆን አለመሆኑን፣ ስንት እጢ ተመርምሮ ስንቱ እንደተነካ የሚናገረው ያ ወረቀት ነው። ቀጣዩ ሕክምና የሚወሰንበትም እሱ ነው። በአገራችን የፓቶሎጂ ባለሙያዎች ከሕዝቡ ብዛት ጋር ሲነጻጸሩ ጥቂት ናቸው፤ ውጤቱ ሊዘገይ ይችላል። ቢዘገይም ግን መጠየቅና መቀበል፣ ተቀብሎም እንደ ቤት ካርታ በጥንቃቄ ማስቀመጥ ይገባል።

በደንብ የተያዘ የሰም ቁራጭ ለብዙ አሥርት ዓመታት ሳይበላሽ ይቆያል። ዛሬ ያልታወቀ ነገር ነገ በሌላ ቀለምና በሌላ ዓይን ሊታይበት ይችላል። የፐርዙ ፓቶሎጂስት ያየው ተሕዋሲ ቀድሞ በየስላይዱ ላይ ነበረ። እሱን የለየው የተለየ መሣሪያ ይዞ መገኘቱ ሳይሆን፣ እዚህ ቦታ ሊኖር አይችልም የተባለውን ነገር በዓይኑ ካየው በኋላ አላየሁም ለማለት እምቢ ማለቱ ነው።